ቶሌዶን በአንድ ቀን፣ ያለ አስጎብኚ

ማድሪድ ለጥቂት ቀናት የሄደ ሰው አንዱን ቀን ለቶሌዶ ቢሰጥ አይቆጨውም። ከተማዋ ከማድሪድ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ታሆ የተባለው ወንዝ በሦስት ጎን በገደል ዞሯት፣ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። የቪዚጎት ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ቀጥሎ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ በሙስሊሞች እጅ ቆየች፤ በ1085 የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ ስድስተኛ ያዛት። በ1561 ንጉሥ ፌሊፔ ሁለተኛ ቤተ መንግሥቱን ወደ ማድሪድ ሲያዛውር ሹሙም ነጋዴውም ተከትሎት ሄደ፣ ቶሌዶም እንደነበረች ቀረች። ይህ ለነዋሪዎቿ ክፉ ዕድል ቢሆንም የዛሬውን ጎብኚ ጠቅሞታል። ገንዘብ ሲርቃት አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚገነባባት ብዙም አልተገኘምና መስጊድ፣ ምኩራብና ካቴድራል ዛሬም በአጭር የእግር መንገድ ርቀት ቆመው ይታያሉ። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ከማድሪድ ብዙ ሰው የሚሄደው በአስጎብኚ አውቶቡስ ነው። ክፋት የለውም። ነገር ግን አውቶቡሱ ሲቆም መውረድ፣ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ የያዘውን አስጎብኚ መከተል፣ ሊገዙት ያላሰቡትን ሰይፍ ሱቅ ገብቶ ማየት፣ ከዚያ «ሰዓት ደረሰ» ተብሎ መመለስ ነው። በራስ መሄድ ርካሽም ቀላልም ነው። የሚከብደው ምን እንደሚተዉ መወሰኑ ነው። ትኬት የሚቆረጥባቸው ቅርሶች ከአንድ ቀን አቅም በላይ ናቸው፤ ሁሉን ላዳርስ ያለ ሰው ማታ ሲመለስ የሚያስታውሰው ዳገቱን ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቁጥሮቹ። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው ስፔኖች ትኬት ላይ እንደሚያትሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 10፡00 በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 14፡00 ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። በስልክ «ባቡራችን 9 ሰዓት ነው» የተባባሉ ሁለት ጓደኛሞች አንደኛው በማለዳ፣ ሌላኛው ከምሳ በኋላ ጣቢያ ቢገኙ አይገርምም። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀትን በተመለከተ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ወደ ስፔን ለመሄድ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ካርዱን አብሮ ይያዝ። የእንግሊዝ ወይም የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ ግን ስፔን አያስገባም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ማውጣት አለበት። ማድሪድ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የሚያርፍም ያለዚህ ቪዛ ከአየር ማረፊያው ወጥቶ ቶሌዶ ደርሶ መመለስ አይችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ቀኑ ነው። ሰኞ የሴፋርዲ (የስፔን አይሁድ) ሙዚየምና የሠዓሊው የኤል ግሬኮ ሙዚየም ዝግ ናቸው። እሑድ ደግሞ ካቴድራሉ ለጎብኚ የሚከፈተው ከ14፡00 ጀምሮ ነው፤ እነዚያ ሙዚየሞች በበኩላቸው 15፡00 ላይ ይዘጋሉ። አንዱ ሲከፈት ሌላው ሊዘጋ ተቃርቧል ማለት ነው። ቅዳሜ ከ14፡00 በኋላ ሁለቱም ሙዚየሞች በነጻ ያስገባሉ፣ ነገር ግን የማድሪድ ሰውም ቅዳሜን ስለሚመርጥ ጎዳናው ይጨናነቃል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት አንዱን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ የቀን ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። ምርጫ ካለ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ጥቅምት ይሻላሉ። አንድ ልዩ ቀን አለ፦ ከካቶሊኮች ፋሲካ 60 ቀን በኋላ የሚውለው የኮርፑስ ክሪስቲ ሐሙስ። የሰልፉ መንገድ ከላይ በሸራ ይጋረዳል፣ ግድግዳው በጥንታዊ ምንጣፍና ጨርቅ ይሸፈናል። በዓል ለማየት የሚሄድ ሰው ደስ ይለዋል፤ ቅርስ ለማየት የሚሄድ ግን ያን ቀን ቢያልፈው ይሻለዋል።

ባቡሩ የሚነሳው ከአቶቻ ጣቢያ ነው። አቫንት የሚባለው የሬንፌ ፈጣን ባቡር ቶሌዶ የሚያደርሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀኑ ሲቃረብ አይወደድም፤ ቁርጥ ያለ ነው፣ ደርሶ መልስ አንድ ላይ ሲገዛም ቅናሽ አለው። ችግሩ ወንበር ማለቁ ነው። ሁሉም መንገደኛ ወንበሩ ተቆጥሮ ስለሚሳፈር፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሄዶ «ሞልቷል» መባል አለ። ስለዚህ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት በኢንተርኔት ወይም ጣቢያው ካለው ማሽን ይግዙ፤ መመለሻውንም አብረው ይቁረጡ። አቶቻ ሰፊ ነው፤ ሰርካኒያስ የሚባሉት የአካባቢ ባቡሮችም እዚያው ናቸው፣ መግቢያቸው ግን ሌላ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የፈጣን ባቡሮቹን መነሻ አዳራሽ ነው። ቦርሳ በማሽን ይፈተሻል፤ ሰልፍም ይኖራል። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ አይበዛም። ትኬትዎ ላይ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ስለሚሰፍር ፓስፖርትዎን ሆቴል ጥለው አይውጡ።

ባቡር ያልተገኘለት ወይም ጥቂት ዩሮ ማትረፍ የፈለገ በአውቶቡስ ይሂድ። ከፕላሳ ኤሊፕቲካ ተነስቶ የአልሳ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ቦታው የሜትሮ መስመር 6 እና 11 ይደርሱታል። «ዲሬክቶ» የተባለው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በየመንደሩ የሚቆመው ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ሰሌዳውን አይቶ መሳፈር ነው።

ከ9፡00 በፊት በሚነሳ ባቡር የሄደ ሰው ቶሌዶ ሲደርስ ዋናዎቹ በሮች ገና አልተከፈቱም። ይህ ጥሩ ነው፤ ዳገቱን ረጋ ብሎ ይወጣዋል። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚሄደውን መንገድ ቢከተሉ የአልካንታራ ድልድይ ይመጣል። መሠረቱ የሮማውያን ነው፤ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም በየዘመናቸው ጠግነውታል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲመለከቱ ከተማዋን መያዝ ለምን ከባድ እንደነበረ ማንም ሳይነግርዎ ይገባዎታል። ከዚያ ደረጃና አቀበት አልፎ እስከ ሶኮዶቬር አደባባይ በአጠቃላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በእግር ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከጣቢያው ፊት ለፊት የከተማ አውቶቡስ ይዞ እዚያው አደባባይ ይውረድ። በአውቶቡስ ከማድሪድ ለመጡት ደግሞ ገደሉ ውስጥ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፤ ያለ ክፍያ ወደ ላይ ያደርሳል። እናትና አባታቸውን ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች የምመክረው አንድ ነው፦ አቀበቱን በመኪና ወይም በደረጃው ይውጡ፣ ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ ምዕራብ በአብዛኛው ቁልቁል እንዲሆን ያድርጉ። ጫማ ደግሞ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው።

10፡00 ላይ ካቴድራሉ በር ላይ መገኘት ያዋጣል። ከማድሪድ ጠዋት የሚነሱት የአስጎብኚ አውቶቡሶች ሰዎቻቸውን የሚያራግፉት ትንሽ ቆይቶ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት ጸጥ ያለች ናት። ግንባታው የተጀመረው በ1226 ሲሆን የመጨረሻው የጣሪያ ቅስት የተዘጋው በ1493 ነው። የቆመበት ቦታ የከተማዋ ትልቁ መስጊድ የነበረበት ነው። ውስጡ አምስት ረድፍ ሆኖ በ88 ዐምዶች ተይዟል። ከመዘምራኑ መቀመጫ ይጀምሩ። የታችኛው ረድፍ የእንጨት መደገፊያዎች ላይ የግራናዳ ጦርነት በ54 ትዕይንቶች ተቀርጿል፤ እያንዳንዱ አንድ ከተማ ወይም ምሽግ እጅ ሲሰጥ ያሳያል። ቀራጩ ሮድሪጎ አለማን ሥራውን የጨረሰው በ1495 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ወሬው ሳይበርድ የተቀረጸ ነውና ፈረሱ፣ መሰላሉ፣ ቁልፍ የሚያስረክበው እጅ ሁሉ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል።

ከመንበሩ በስተጀርባ ያለው መተላለፊያ ጨለም ይላል። እዚያ ናርሲሶ ቶሜ ከ1729 እስከ 1732 የሠራው ትራንስፓሬንቴ አለ። ሰውየው ብርሃን ባጣው ቦታ ላይ የድንጋዩን ጣሪያ ቀድዶ መስኮት አወጣ፤ ፀሐይ ያለ ዕለት ብርሃኑ ከላይ በመላእክቱ መካከል ወርዶ እብነ በረዱ ላይ ያርፋል። ግማሹ ጎብኚ ይህን ያደንቃል፣ ግማሹ በዛ ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ጣሪያውን ለመቅደድ የነበረውን ድፍረት ግን አደንቃለሁ። በዚያው አንገትዎን ቀና አድርገው ይፈልጉ፤ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠሉ ያረጁ ቀይ ባርኔጣዎች አሉ። የካርዲናሎች ናቸው። ባለቤቱ ሲሞት ባርኔጣው ከመቃብሩ በላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ በስብሶ እስኪወድቅ ማንም አይነካውም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትልቁ ሥዕል የኤል ግሬኮ ነው፦ የክርስቶስን ልብስ ሊገፉ ሲሉ። ቀርጤስ ተወልዶ ቶሌዶ የመጣው ሠዓሊ በ1577 ጀምሮ በ1579 አስረከበ። የካቴድራሉ ሹማምንት ግን አልተደሰቱም፤ የሕዝቡ ራስ ከክርስቶስ ራስ በላይ መሣሉ፣ ማርያሞቹም በቦታው መገኘታቸው ጥፋት ነው አሉ። የሠዓሊው ወገን 900 ዱካት ሲገምተው የተከፈለው 350 ነበር። ሥዕሉ አልተስተካከለም፤ እንዳለ ይታያል። ከግምጃ ቤቱ ደግሞ ኤንሪኬ ዴ አርፌ ከ1515 ጀምሮ የሠራውን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የብርና የወርቅ ሥራ አይለፉት፤ በኮርፑስ ክሪስቲ ሰልፍ ቅዱስ ቁርባኑ የሚወጣው በእሱ ነው።

በዚሁ ካቴድራል ጥግ ላይ አንድ ጸሎት ቤት አለ፤ እኔን ከጠየቁኝ ከወርቁ ይበልጣል። ቶሌዶ በሙስሊሞች እጅ ሳለች ክርስትናቸውን ይዘው የቆዩት ሞሳረብ የሚባሉት ክርስቲያኖች የራሳቸው የቅዳሴ ሥርዓት ነበራቸው። ሮም የራሷን ሥርዓት በስፔን ሁሉ ስትዘረጋ እነሱ የአባቶቻቸውን አንለቅም አሉ። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1500 መጽሐፈ ቅዳሴያቸውን አሳተመላቸው፣ ይህንንም ጸሎት ቤት ሰጣቸው። ቅዳሴው ዛሬም ጠዋት በዚያው ይደረጋል፤ ለጸሎት የሚገባ ሰው ትኬት አይጠየቅም። የራሷ ዜማና የራሷ ቅዳሴ ባላት ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ለዚህ ሲል አንድ ባቡር ቀድሞ ቢነሳ አይጸጸትም።

ካቴድራሉ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ሰሜን አሥር ደቂቃ ያህል ተራምደው ክሪስቶ ዴ ላ ሉስ ይሂዱ። በ999 የተሠራ መስጊድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በየጎኑ ስምንት ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከካቴድራሉ ለወጣ ዓይን ጎጆ ይመስላል። ግን ቀስ ብለው ያስተውሉት። አራት ዐምዶች ቦታውን ዘጠኝ ላይ ይከፍሉታል፤ በዘጠኙ ላይ ዘጠኝ ትናንሽ ጉልላቶች አሉ፣ የአንዳቸውም የቅስት አሰካክ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። የዐምዶቹ ራስ ደግሞ ከቪዚጎት ሕንጻ ተነቅሎ የመጣ ነው። ወጥተው ፊቱን ሲያዩት የተሠራበትን ዓመት የሚናገረው የዐረብኛ ጽሑፍ በጡብ ነው የተጻፈው፤ በቀለም አይደለም፣ ራሱ ጡቡ ፊደል ሆኖ ተደርድሯል። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ክርስቲያኖቹ በስተምሥራቅ ግማሽ ክብ መቅደስ ጨመሩበት፤ የሠሩት ግን በዚያው በሙስሊሞቹ የጡብ ሙያ ነው። አሮጌውና አዲሱ የተጋጠሙበት መስመር በዓይን ይታያል። ግቢው ሲቆፈር የሮማውያን መንገድ ተገኝቶበታል። አንድ ሰው ቶሌዶ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረው ይህን ያይ እላለሁ፤ ብዙዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ትኬት የማይቆረጥበት ታሪክም አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቁ አል ዘርቃሊ ቶሌዶ ነበር የሚሠራው። ከተማዋ በ1085 ስትያዝ የዐረብኛ መጻሕፍቷ አልጠፉም፤ በቀጣዩ መቶ ዓመት የላቲን አንባቢዎች ከመላው አውሮፓ መጡ። ጣሊያናዊው ጄራርድ ዘክሬሞና የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አልማጌስትን ፈልጎ መጥቶ እዚሁ ከዐረብኛ ወደ ላቲን መለሰው። በካቴድራሉ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ሲያልፉ ይህን አስበው ይለፉ።

ምሳ ከ14፡00 በፊት አይታሰብ፤ ከ16፡00 በኋላም ብዙው ወጥ ቤት ይዘጋል። እራት ደግሞ ከ20፡30 በፊት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ምሳ ያለፈው ሰው የሚቀረው ዳቦና ቺፕስ ነው። «ሜኑ ዴል ዲያ» ብለው ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ምግብ፣ ዋና ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ጣፋጭ ወይም ቡና በአንድ ዋጋ ይመጣል፤ ከአደባባዩ ሁለትና ሦስት መንገድ ራቅ ሲሉ ዋጋው ይቀንሳል። ካርካሙሳስ የሚባለው የአገሩ ወጥ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ይወቀው። ለጿሚ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሜኑው ላይ «ሌንቴሃስ» አይተው ምስር ነው ብለው ቢያዙ፣ ምስሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ተቆራርጦ ይገባል። «ሲን ካርኔ» ማለት ያለ ሥጋ ማለት ቢሆንም ለአንዳንድ አስተናጋጅ ሃሞን የሚባለው የደረቀ የአሳማ ሥጋና ቱና ከሥጋ አይቆጠሩም፤ ሁሉንም በስም መጥራት ነው። «ፒስቶ» የተሻለ መውጫ ነው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዙኪኒ በዘይት ተቁላልቶ። ብዙውን ጊዜ ዕንቁላል ከላይ ስለሚጠበስበት «ሲን ዌቮ» ማለትን አይርሱ። ማሳፓን የተባለው የከተማዋ ጣፋጭ አልሞንድና ስኳር ነው፤ መነኮሳቱ በገዳማቸው በር ይሸጡታል። እዚያም ቢሆን ዕንቁላል የተቀባ እንዳለ ይጠይቁ።

ከምሳ በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አይሁድ ሰፈር ነው። በመንገድዎ ላይ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ሳን ኢልዴፎንሶ አለ፤ ግንቡ ላይ መውጣት ይቻላል፣ የከተማዋ ጣሪያ ሁሉ ከእግር በታች ይሆናል። የጎንደርን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ማኅበሩ እንግዳ አይደለም። በ1603 ኢትዮጵያ የገባውና በ1622 ጎርጎራ ላይ የሞተው ፔድሮ ፓኤስ የዚሁ ማኅበር ሰው ነበር፤ የተወለደውም በማድሪድ አቅራቢያ በምትገኝ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ነው።

የአይሁድ ሰፈር መድረስዎን ከእግርዎ ሥር ያውቁታል፤ ድንጋዩ መካከል ነጭና ሰማያዊ ትናንሽ ሸክላዎች ተተክለዋል፣ ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝና የዕብራይስጥ ፊደል አለባቸው። ሁለት ምኩራቦች ቀርተዋል። ኤል ትራንሲቶን ያሠራው የንጉሥ ፔድሮ ቀዳማዊ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ንጉሡ ብዙ ሳይቆይ አሰረው፤ በእስር ቤት ተሠቃይቶ ሞተ። ምኩራቡ ግን ቆመ። ከውጭ ተራ የጡብ ቤት ነው፤ ከውስጥ የግድግዳው የላይኛው ክፍል በሙሉ በጂፕሰም ተቀርጿል፣ ጣሪያው የእንጨት ሥራ ነው፣ የሴቶቹ መቀመጫ ከጎን በፎቅ ይታያል። በዙሪያው የመዝሙረ ዳዊት ቃል በዕብራይስጥ ተጽፏል፤ ከእስራኤል የሚመጣ ቤተ እስራኤላዊ አንባቢ ያለ አስጎብኚ ሊያነበው ይችላል። አሁን የሴፋርዲ ሙዚየም የያዘው ይህን ቤት ነው። ሁለተኛው ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ ጥቂት ደቂቃ ይርቃል፦ 32 ነጭ ምሰሶዎች፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች፣ ሌላ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስሙ እንደሚያሳየው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1492 አይሁድ ከስፔን ሁሉ እንዲወጡ ታወጀ፤ ኤል ትራንሲቶም ለካላትራቫ የጦር ማኅበር ተሰጠ።

ሳንቶ ቶሜን ለመጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ቦታው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ የሚታየውም አንድ ሥዕል ነው፣ የኦርጋስ ባላባት ቀብር። ከ11፡00 እስከ 13፡00 ቡድን በቡድን ላይ ይደረባል፤ አመሻሹ ላይ ግን ሰው ይቀንሳል። ባላባቱ የሞተው በ1323 ነው። የኦርጋስ ሰዎች በየዓመቱ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን በግ፣ ዶሮ፣ ወይን እንዲሰጡ ተናዞ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መስጠቱን አቆሙ፤ ቄሱ አንድሬስ ኑኜስ ከሰሳቸው፣ ረታም። ከዚያ ኤል ግሬኮን ጠርቶ የባላባቱን ቀብር ታሪክ አሣለ። ሥዕሉ የተሠራው ከ1586 እስከ 1588 ነው፤ ቁመቱ 4.8 ሜትር። ታች ቅዱስ አውግስጢኖስና ቅዱስ እስጢፋኖስ ወርደው ሬሳውን ሲይዙ፣ ላይ ሰማዩ ተከፍቶ። በግራ ታች ችቦ ይዞ ወደ ሬሳው የሚጠቁመው ልጅ የሠዓሊው ልጅ ሆርሄ ማኑኤል ነው። በዋጋ እዚህም ተጣሉ፤ ገማቾች መጀመሪያ 1,200 ዱካት፣ ሌሎች ደግሞ 1,600 አሉት፣ በመጨረሻ በ1,200 ተዘጋ።

አሁን ስለሚተወው። አልካሳር የሚባለው ትልቁ ምሽግ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ነው፤ በ1936ቱ ከበባ ፈራርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ውትድርና የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሌላው ከውጭ አይቶ ይለፍ። የኤል ግሬኮ ሙዚየም ጥሩ ሥዕሎች አሉት፣ ግን ቤቱ እሱ የኖረበት አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለመታሰቢያ የተዘጋጀ ነው። ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬዬስ የተባለው ገዳም ጊዜ ከተረፈ ብቻ ይግቡበት፤ የውጭ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የብረት ሰንሰለቶች ግን በነጻ ይታያሉ። ከግራናዳ እስር የተፈቱ ክርስቲያኖች ያመጧቸው ናቸው ይባላል።

ሳንቶ ቶሜ፣ ክሪስቶ ዴ ላ ሉስ፣ ላ ብላንካ፣ የኢየሱሳውያኑ ግንብ፣ ሳን ሁዋንና ሌሎች ሁለት ቤቶች «ፑልሴራ» በተባለ በእጅ በሚታሰር የጋራ ትኬት ይገባሉ። አራት ያህሉን ለማየት ያሰበ ሰው ይግዛው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት አያዋጣም። ካቴድራሉና የመንግሥት ሙዚየሞቹ በዚህ አይሸፈኑም። በብርዱ ወራት ቤቶቹ 17፡45 ላይ፣ በሌላው ጊዜ አንድ ሰዓት ዘግይተው ስለሚዘጉ ምሳ ላይ ብዙ አይዘግዩ።

ሰይፍና ጥቁር ብረት ላይ በወርቅ ክር የተሠራ ጌጥ በየበሩ ይሸጣል። በእጅ የተሠራውና በማሽን የታተመው በዋጋ ይራራቃሉ፤ ሻጩን መጠየቅ ነውር አይደለም። ቢላም ሆነ ሰይፍ ግን አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ቦርሳ አይገባም።

ሰዓት ከተረፈዎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሚራዶር ዴል ባዬ በታክሲ ወይም በከተማ አውቶቡስ ይሻገሩ፤ ከተማዋ በሙሉ፣ ካቴድራሉ በመሃል፣ አልካሳሩ በቀኝ፣ ወንዙ ከሥር ሆኖ ይታያል። ብዙዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይፈልጋሉ። በመስከረምና በጥቅምት ይቻላል። በሰኔና በሐምሌ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ21፡30 በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ባቡር አይጠብቅዎትም፤ ማደር ካልፈለጉ ይተዉት።

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ሃያ ደቂቃ ቀደም ይበሉ። ሕንጻው በ1919 የቶሌዶን የድሮ የጡብና የሸክላ ሙያ መልሶ በማንሳት የተሠራ ነው፤ የትኬት አዳራሹ ጣሪያና ባለ ቀለም መስታወቶቹ ሊታዩ ይገባል፣ ክፍያም የላቸውም። ቦርሳ እዚህም ይፈተሻል፤ የመሳፈሪያው በርም ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል።